ኮምፒውተሩ አልላቀቅ ያለ ዕለት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ከሚቀመጥበት ጥግ፣ ከማራገቢያው ጉርምርምታ ስር፣ የሆነ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ትንሽ ዝም ይልና ቆመ ብዬ ሳስብ እንደገና ይጀምራል። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ አዳመጥኩት። የሚሞት ዲስክ እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ኮሌጅ ውስጥ ተነግሮኛል፤ በጆሮዬ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ የንባብ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ አነስተኛ ፕሮጀክት ነበር። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም መጻሕፍቱ ገና እየተጻፉ ነበር። እኔ ቋንቋውን የማውቀው የገበያ ያህል ነው። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ከጎጃም የመጡ ሰው ናቸው፤ የተወለድኩት እዚሁ ቢሆንም ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር። ሥራዬ ቃላቱ ሳይሆን ቃላቱ የሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች የተጻፈባቸውን በራሳቸው ሆድ አያስቀምጡም፤ በኔትወርክ መስመር ወደ እኔ ክፍል ይልኩታል። እኔ ዘንድ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የምንለው፣ የሁሉንም ሥራ በአንድ ዲስክ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ጀምሮ የተወውን ሌላው ከክፍሉ ሳይነሳ ከፍቶ ይቀጥለዋል። ምቹ ነበር። ያ ዲስክ ከታመመ ግን የሁላችንም ሥራ አብሮ ታመመ ማለት ነው። ድምፁን በሰማሁ ጊዜ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ አንተ የምለው ሰው ነበር። ወዲያው አዲስ አበባ ደወለ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ቀጭን ቴክኒሻን አዲስ ዲስክ በፎጣ ጠቅልሎ ከመናኸሪያ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጆሮውን ሰርቨሩ ላይ ለጠፈና ፊቱን አጨማደደ።

«ብዙ የሚቆይ አይደለም» አለ። «አጥፍተን አውጥተን በአዲሱ ላይ መገልበጥ ነው። ግን መጀመሪያ ሁሉም ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ በሥርዓት ይላቀቁ። አንዱ ተያይዞ እያለ ካጠፋነው የከፈተውን ፋይል ያበላሸዋል።»

«መብራትስ?» አለ ኃላፊያችን። መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። የእኛ ሰፈር ተራ የሚደርሰው በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ሲሆን፣ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ይጠፋበታል።

«እንግዲህ ከዚያ በፊት ነዋ» አለ ቴክኒሻኑ። «እኔም መኪና ሳያመልጠኝ ብመለስ ደስ ይለኛል።»

ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ሠራተኞች በየወረዳው ለመምህራን ሥልጠና ለመስጠት ከወጡ ሳምንት አልፏቸው ስለነበር ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ይላቀቃል፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የጸሐፊዎቹ ክፍል ውስጥ አንዱ እምቢ አለኝ፤ «ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት አወጣ።  ለካስ አንዷ ጸሐፊ ለማተም የከፈተችውን ፋይል ሳትዘጋ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ ኖሯል። ዘጋሁት፤ ተላቀቀ። እዚያው ቆሜ ለብቻዬ ሳቅኩ።

የመጨረሻው የመምህሩ ኮምፒውተር ነበር።

መምህሩ ጡረታ የወጡ፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ይርጋለምና አለታ ወንዶ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን አስተምረዋል። ፕሮጀክቱ በውል የቀጠራቸው ለመዝገበ ቃላቱ ነው፤ ወጣቶቹ የማያውቋቸውን ቃላት ከአዛውንቶች እየጠየቁ ከነምሳሌያቸው ይጽፋሉ። ሲመጡ መዳፊት፣ ማውስ የሚባለውን፣ ይዘው አያውቁም ነበር። በዓመቱ በሁለት ጣታቸው እየጻፉም ቢሆን ከአንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ይፈጥኑ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በኮሪደሩ ሳልፍ የሚሰማኝ የእሳቸው የፊደል ገበታ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ።

ክፍላቸው ተቆልፏል። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«ዛሬ አይመጡም» አለኝ። «ቱላ ሰው ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደዋል። ቁልፉንም ይዘውት ነው የሄዱት። ማንም ሰው እንዳይገባ ብለውኛል።»

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። በኔትወርኩ በኩል ከእኔ ወንበር ሆኜ ወደ እሳቸው ኮምፒውተር መግባት ስለምችል በሩ ቢቆለፍም ችግር የለውም ብዬ ነበር። ገባሁ። የማላቀቂያውን ትእዛዝ ጻፍኩ።

«ሥራ ላይ ነው» አለኝ።

ትንሽ ጠብቄ ደገምኩት። ያው ነው። ማን ይዞት እንደሆነ የሚያሳየውን ትእዛዝ ስጽፍ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ወጣ፤ የመዝገበ ቃላቱ ፋይል ተከፍቶ ተቀምጧል። ሰውየው በሩን ቆልፈው ሲሄዱ ኮምፒውተሩን አላጠፉትም፤ ፋይሉንም አልዘጉትም።

ቴክኒሻኑ ከትከሻዬ በላይ ያነባል። «ግደዪው» አለኝ። ፕሮግራምን በግድ ማስቆም ማለቱ ነው፤ በእኛ ሙያ እንዲያ ነው የሚባለው።

«ያላስቀመጡት ነገር ቢኖርስ?»

«ሽማግሌ ናቸው አላልሽኝም? ረስተውት ነው የሄዱት። ስንት ሰው ነው ሳይዘጋ የሚሄደው።»

እውነቱን ነው። ጸሐፊዋም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ትእዛዙን ጽፌ ጨረስኩ። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ፋይሉ መጨረሻ የተቀመጠው መቼ ነው ብዬ አየሁ። ከሳምንት በላይ ሆኖታል።

ይሄ ነው እጄን የያዘው። በዚያ ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ሲጽፉ ሰምቻቸዋለሁ። ትናንት እንኳ ድምፁ ሳያስጨንቀኝ በፊት በኮሪደሩ ሳልፍ ያ ጠቅ፣ ጠቅ ነበር። ታዲያ የጻፉት የት ሄደ?

«አንድ ነገር ልሞክር» አልኩና ሰርቨሩ ላይ ምንም የሌለበት ትንሽ ፋይል ለመፍጠር ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እንደገና ብሞክርም እምቢ።

ቴክኒሻኑ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁ ተቀየረ። «ዲስኩ መታመሙን ሲያውቅ ራሱን ዘግቷል» አለ። «ይነበብበታል እንጂ አይጻፍበትም። ማንም አላስተዋለም?»

ማን ያስተውላል? ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ጸሐፊዎቹ ያለቀውን ለእርማት እያተሙ ነበር፤ ማተም ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፉ የነበሩት መምህሩ ብቻ ናቸው። እንግዲህ የጻፉት ሁሉ ያለው እዚያ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ፣ በተከፈተው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ከቆመ ወይም መብራት ከጠፋ የለም። ከእኔ ወንበር ሆኜ ትእዛዝ መስጠት እንጂ እሳቸው የከፈቱትን ገጽ ማስቀመጥ አልችልም፤ የብረት በሩ ደግሞ ሌላ ቁልፍ የለውም።

አሁን ጭንቀቴ ሁለት ሆነ። ሰርቨሩ ቀጭ ባለ ቁጥር የሁሉ ሰው ሥራ ወደ ሞት እየቀረበ ይመስለኛል። ካጠፋነው ደግሞ የመምህሩ ኮምፒውተር ሰርቨሩን እየጠበቀ ደርቆ ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም።

ኃላፊያችን ነገሩን ሰምቶ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «የአራት ክፍል መጻሕፍት እዚያ ዲስክ ላይ አሉ» አለኝ። «ለአንድ ፋይል ብለን ያን ሁሉ እናጣለን እንዴ?»

«ቱላ ሄጄ ላምጣቸው።»

«ከለቅሶ?»

«ከለቅሶ።»

ቴክኒሻኑን ተመለከተ። ቴክኒሻኑ ትከሻውን ሰበቀ። «ማንም ካልነካካው እስከ ቀትር ሊቆይ ይችላል። ላይቆይም ይችላል። እኔ ቃል አልገባም።»

«እስከ ስድስት ሰዓት» አለኝ ኃላፊያችን። «ከዚያ በኋላ ይዘጋል። ካልመጣሽም ይዘጋል።»

ሞባይል ያኔ በኃላፊዎች ኪስ ብቻ ያለ ነገር ነበር፤ መምህሩም እኔም አልነበረንም። ሮጬ ወጣሁ። ቱላ ከከተማው ዳር ናት፤ ታክሲው ተሳፋሪ ካልሞላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል ወርጄ ያንን አንድ ሰው ራሴ ጎትቼ ላመጣ ምንም አልቀረኝም። ሲነሳም በየመታጠፊያው ይቆማል። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ዶሮ በዘንቢል ይዘዋል፤ ዶሮዋ በመንቆሯ ዘንቢሉን ቀጭ ቀጭ ስታደርግ እኔ እሰቀቃለሁ። ሴትዮዋ አይተውኝ «አሞሻል?» አሉኝ። አላመመኝም አልኳቸው። ቱላ መድረሴን ሳውቅ ወዴት እንደምሄድ አለማወቄም ትዝ አለኝ፤ ግን ለቅሶ ቤት ይታወቃል። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰውዬ በእጁ አመለከተኝ፤ ድንኳኑ ከመንገዱ ገባ ብሎ በእንሰት ማሳ አጠገብ ተተክሏል።

መዝሙር እየዘመሩ ነው። ሟቹ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ከውስጥ መምህሩን አየኋቸው፤ ከፊት፣ ከትልልቆቹ ሰዎች መሃል ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንዴት ብዬ ልጥራቸው? በሰው ለቅሶ መሃል ገብቶ ኮምፒውተር የሚል ሰው ምን ይባላል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ ሌላ ጀመሩ። እሱ ሲያልቅ ጸሎት ሆነ። የሚጸልዩት በሲዳሙ አፎ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ ከቃሉ መለየት አልችልም። «አሜን» በተባለ ቁጥር ልነሳ እልና ጸሎቱ ይቀጥላል። ሰዓቴን በነጠላዬ ስር ደብቄ አያለሁ።

በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ። ተገርመው ተነሱ፤ በሰው መሃል እያለፉ ወደ እኔ መጡ። እኔም ተነስቼ ወደ ውጭ ተከተልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ማን ነገረሽ?» አሉኝ ሁለት እጄን ይዘው። «ለዚህ ብለሽ እዚህ ድረስ መጣሽ? እግዚአብሔር ያክብርሽ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ» አልኩ።  ከዚያ አወጣሁት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተርዎ ላይ የከፈቱት ፋይል አለ።»

እጄን ለቀቁት። «ነካችሁት?»

«አልነካነውም።»

«አጠፋችሁት?»

«አላጠፋነውም ጋሼ። እንዳለ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና የድንኳኑን ገመድ ይዘው ቆሙ። «ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አስቀምጥ ስለው አልችልም ይለኛል። ቀይ ምልክት ያመጣል። አንዳች የማይነካ ነገር ነክቼ አበላሽቼው ይሆናል አልኩ። እንዳይጠፋ ብዬ አልዘጋሁትም። በሩንም ቆለፍኩት።»

«ለምን አልነገሩኝም? ምንም አላበላሹም እኮ። ዲስኩ ነው የተበላሸው።»

«ውሌ ሊታደስ ነው» አሉ። «ባለፈው ሲታደስ፣ ለኮምፒውተሩ ወጣት ቢሆን አይሻልም ወይ ያለ ሰው ነበር። በዚህ ሰሞን አበላሸ ከሚሉኝ ብዬ ነው።»

 ይህን ብለው ወደ ድንኳኑ ዞር አሉ።

«ሟቹ እኮ» አሉኝ፣ «ሳይታመም በፊት፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እሱ እየነገረኝ እኔ እጽፍ ነበር። እሱ የሚያውቃቸውን ቃላት የሚያውቅ አሁን የለም። በወረቀት እንኳ አልያዝኩትም፤ በማሽኑ ፈጥኛለሁ ብዬ…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ሰዓቱን ነገርኳቸው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከለቅሶ ቤት ሰው ሳይቀበር ጥሎ መሄድ ለእሳቸው ዓይነት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ሂዱ ማለት አልቻልኩም። ቆሜ ጠበቅኩ። ተመልሰው ገብተው በሽማግሌዎቹ ጆሮ አንሾካሾኩ። አንደኛው ቀና ብሎ እኔን ተመለከተ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። መምህሩ ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

በመመለሻው ታክሲ ብዙም አልተነጋገርንም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው ጨብጠውታል። አንድ ጊዜ ብቻ «መብራት ከፈረቃው በፊት የሚያጠፉበት ቀን አለ» አሉኝ። አለ። እኔም ከተነሳን ጀምሮ እሱኑ ነበር የማስበው። በየሱቁ ስናልፍ ሬዲዮ ይሰማል ወይ፣ ወፍጮ ቤቱ ይሠራል ወይ እያልኩ አዳምጣለሁ። አንድ ብረታ ብረት ቤት ደጃፍ ላይ የብየዳ ብልጭታ ሳይ በረታሁ፤ መብራት አለ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሟል። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ መምህሩን ሲያይ ግን መንገድ ለቀቀ። «አልዘጋነውም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቶሎ በሉ።»

መምህሩ ለመክፈት ሲሞክሩ ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ። አንስቼ ከፈትኩት። ስክሪኑን ጨርቅ አልብሰውታል፤ ሶኬቱ አጠገብ በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል «አይነቀል» ብለው ጽፈው ለጥፈዋል። ጨርቁን አነሱ፤ ስክሪኑን አበሩት። ጽሑፉ እንዳለ አለ፤ ጠቋሚው ባቆሙበት ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እጃቸው ከልማድ የተነሳ ወደ ማስቀመጫው ሄደ።

«አይጫኑ!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጠው እጃቸውን አነሱ። በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ እንዲያ ስትጮህባቸው ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ ያኔ ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም። «እዚያ አይጽፍም። እዚሁ በራሱ ዲስክ ላይ ነው የምናስቀምጠው። በሌላ ስም።»

መዳፊቱን ሰጡኝ። ቦታውን መረጥኩ። «ስሙን ምን ልበለው?»

ትንሽ አሰቡ። «የሟቹን ስም በይው።»

ፊደል በፊደል ነገሩኝ፣ ጻፍኩ፣ ተጫንኩ። የአሸዋ ሰዓቷ ምልክት ወጣችና ቆመች። አልሄድ አለች። መምህሩ ከኋላዬ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሰርቨሩ እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ ቀጭ የሚል መሰለኝ፤ ከዚያ ርቀት ሊሰማኝ እንደማይችል እያወቅኩ። ምልክቷ ጠፋች። ምንም ቀይ ነገር አልመጣም። አላመንኩም። ወደ ቴክኒሻኑ ሮጬ ፍላሽ ተበድሬ እሱም ላይ ገለበጥኩት፤ ከዚያ ፋይሉን ዘግቼ ከፍላሹ ላይ እንደገና ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው ገጽ ወረድኩ።

«ያነቡልኛል?» አልኳቸው። «ሙሉ መሆኑን እኔ አላውቅም።»

የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው በአማርኛ ነገሩኝ። «ላም የሞተባትን ጥጃ ስትፈልግ የምታሰማው ድምፅ የራሱ ቃል አለው። እሱ ነው የነገረኝ። ምሳሌውም የራሱ ነው፤ ‹ላሚቱ ሌሊቱን እንዲያ ስትል አድራ ጠዋት ሣር ጋጠች።›» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «አለ። ሁሉም አለ።»

ክፍሌ ገብቼ የማላቀቂያውን ትእዛዝ እንደገና ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ምንም አልመለሰም። በእሱ ቋንቋ ምንም አለማለት እሺ ማለት ነው። ቴክኒሻኑ ሰርቨሩን አጠፋው። ቀጭታው ቆመ፤ ክፍሉ እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

መምህሩ ለቀብሩ ደረሱ። ኃላፊያችን ራሱ በፕሮጀክቱ መኪና ወሰዳቸው፤ ተመልሶም ቢሮው ጠራኝ።

«የሰውየው ጥፋት ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ዲስኩ ነው። እንዲያውም ኮምፒውተሩን ቢያጠፉት ኖሮ የጻፉት ሁሉ ጠፍቶ ነበር።»

 ስለ መምህሩ ውል መስማቴን አልነገርኩትም፤ እሱም ያሰበውን አልነገረኝም። በወሩ መጨረሻ ግን ታደሰላቸው።

የድሮው ዲስክ ሁሉንም አልመለሰልንም። ቴክኒሻኑ መኪናው አምልጦት መናኸሪያ አጠገብ አደረ፤ በማግስቱ ደግሞ ዋለ። የሁለተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ሥዕሎች አልተገኙም። የሦስተኛው ክፍል ግማሹ ጠፍቶ ጸሐፊዎቹ ለእርማት ካተሙት ወረቀት ላይ እንደገና ጻፉት፤ ሳምንታት ፈጀባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሙን የማላውቀው ፍርሃት አደረብኝ። ጠዋት ስገባ ከሁሉ በፊት ባዶ ፋይል ፈጥሬ እሰርዛለሁ፤ ይጻፍ እንደሆነ ለማየት። ሻይ ቤት ተቀምጬ እያለሁ ተነስቼ ሄጄ የማይበት ቀን ነበር።

መምህሩ ከለቅሶው ሲመለሱ ክፍላቸው ጠሩኝ። መቀመጡንና አለመቀመጡን በምን እንደሚያውቁ እንዳሳያቸው ፈለጉ። ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት የት እንደሚያዩ አሳየኋቸው። አንድ ቃል ጻፉ፣ አስቀመጡ፣ ሰዓቱን አዩ። እንደገና ጻፉ፣ አስቀመጡ፣ አዩ። ስልችት እስኪለኝ ደጋገሙት።

«ቀይ ምልክት ከመጣስ?» አሉ።

«ይጠሩኛል። ወዲያውኑ። ምንም ቢሆን።»

«እሺ። በቃ አሁን ሂጂ፤ ብቻዬን ልሞክር።»

ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት። ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው ተጀመረ። ከዚያ ያ ረጅም ዝምታ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ፊደሎቹ እንደገና ተሰሙ፤ እንደገና ዝም አሉ። አልጠሩኝም። እኔ ግን ወደ ክፍሌ አልሄድኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ማዳመጤን ቀጠልኩ።